ማጥፊያው በተወዳዳሪው እጅ ሲሆን

ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ሐሳቡ ባጭሩ ይኼ ነው። ኢንተርኔት ለዴሞክራሲ ያተረፈለት ነገር ቢኖር ጫጫታ ነው። ሕዝብን አደባባይ ያስወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገነባው ነገር የለም። ውሸት ይነዛበታል፣ ጥላቻ ይሰበክበታል፣ ስሙን የደበቀ ሁሉ እንዳሻው ይሳደብበታል። ደግሞስ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ የዕለት ጉርሱን ላጣ ሰው ኢንተርኔት ምን ይፈይድለታል? ከዚያ መፍትሔያቸውን ያስቀምጣሉ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ለ72 ሰዓት፣ ከድምፅ መስጫው በኋላም ለ72 ሰዓት፣ መንግሥት ኢንተርኔት የመዝጋት ሥልጣን በሕግ ይሰጠው።

ጽሑፉ በግብር ይውጣ የተጻፈ አይደለም። የዘረዘሯቸው ጉዳቶች በእርግጥም ደርሰዋል። እንዲያውም አንዳንዶቹን እሳቸው ከጻፉት በላይ አክፍቼ ነው የማነሳቸው። የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው። ማጥፊያውን ለመንግሥት ሲያስረክቡ፣ በምርጫ ሰሞን መንግሥት ራሱ ተወዳዳሪ መሆኑን ዘንግተውታል። ፊሽካውን ከሁለቱ ቡድኖች ለአንዱ እንደ መስጠት ነው።

በተራ ልሂድ። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ግብፅን እዩ» ይላሉ በመጀመሪያ። ፌስቡክ ታህሪር አደባባይን ሞላው፣ ሙባረክ ወረዱ፣ በ2013 ጦሩ ተመልሶ ሥልጣን ያዘ። ታዲያ ምን ተረፈ?

እሺ፣ ግብፅን እንይ። ጸሐፊው የዘለሏት አንዲት ሌሊት ግን አለች። በ2011፣ ከጃንዋሪ 27 ወደ 28 በሚያነጋው ሌሊት፣ የአገሪቱ ኢንተርኔት አቅራቢዎች በደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ከመስመር ወጡ። የተቆረጠ ገመድ የለም። እያንዳንዱ አቅራቢ «የእኔን ደንበኞች የምታገኟቸው በዚህ መንገድ ነው» እያለ ለቀሪው ዓለም ኔትወርኮች ያስታውቃል። ያ ማስታወቂያ ሲነሳ ወደ አገሩ የሚያስገባውን መንገድ የሚያውቅ ኔትወርክ አይኖርም። ይህን ለማድረግ ጥቂት የስልክ ጥሪ ይበቃል። በዚያ ሌሊት 3,500 ገደማ መንገዶች ተነሱ። ኑር የሚባለው አንድ አቅራቢ ብቻ ለተወሰኑ ቀናት ሳይነካ ቆየ። የአክሲዮን ገበያው ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። ገንዘቡ ይንቀሳቀስ፣ ወሬው ይቁም ያሉ ይመስላል።

ማግስቱ አርብ ነበር። ሕዝቡ ከመጀመሪያው ቀን በእጅጉ በልጦ ወጣ። ቤቱ ሆኖ የሚከታተልበት ነገር ያጣ፣ ልጁ የት እንደደረሰ ያልሰማ ሰው ምን ያድርግ? ኢንተርኔቱ ፌብሩዋሪ 2 ተመለሰ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በአምስቱ ቀናት የደረሰው ኪሳራ ቢያንስ 90 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ገመተ። ሙባረክ ከመውረድ አልዳኑም።

ከዚያ በኋላ ስለመጣው ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የፌስቡክ ገጽ ሰው ይጠራል እንጂ በየወረዳው ቢሮ አይከፍትም፣ እጩ አያቀርብም፣ ታዛቢ አያሰለጥንም። ሙስሊም ወንድማማቾች ከ1928 ጀምሮ የዘረጉት መዋቅር ነበራቸው። ጦሩ ጦር ነው። ወጣቶቹ በእጃቸው የነበረው ገጽ ነው። ተበሉ። ይኼ ግን የድርጅት ማነስ ነው እንጂ የነጻነት መብዛት አይደለም። ደግሞ ኢንተርኔት ባዶ ጫጫታ ከሆነ፣ የግብፅ መንግሥት ከሜይ 2017 ጀምሮ እንደ ማዳ ማስር ያሉ የዜና ድረ ገጾችን እየለቀመ የዘጋው ምን አስፈርቶት ነው?

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የማልፈው። «ውሸት ከእውነት ይፈጥናል» ይላሉ።

ይፈጥናል። በ2018 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው፣ ሐሰተኛው ወሬ መልሶ የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ውሸቱን ያፋጠነው ደግሞ ሮቦት አይደለም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። ጸሐፊው ይህን ጥናት ቢጠቅሱት ክርክራቸው ይጠነክርላቸው ነበር። ግን ጥናቱን መሥራት የተቻለው ኩባንያው ዳታውን ለተመራማሪዎች ስለከፈተ ነው። በ2023 ትዊተር ያንን በነጻ ይሰጥ የነበረውን በር ዘጋው። ዛሬ ተመሳሳይ ጥናት ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ ኪሱን ይፈትሻል። ስለ ውሸት የሚጨነቅ ሰው ቢጮህ የሚያምርበት እዚህ ጋ ነበር።

ከዚያ ማይናማርን ያነሳሉ። መነሳትም አለበት። በ2017 ከ700,000 በላይ ሮሂንጃዎች፣ የአገሩ አናሳ ሙስሊሞች ናቸው፣ ግድያና ቃጠሎ ሸሽተው ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ፌስቡክ ላይ ሰው አይደሉም ሲባሉ ከርመዋል። ሮይተርስ እንደዘገበው በ2015 መጀመሪያ ላይ በቡርማ ቋንቋ የሚጻፈውን እያነበቡ የሚገመግሙ ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ለሚሊዮኖች ሁለት ሰው! ኩባንያው ራሱ በኖቬምበር 2018 በቂ ሥራ እንዳልሠራ አምኗል።

ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። እኔ እቀጥላለሁ። ያን ሁሉ የጥላቻ ወሬ ማን ነበር የሚጽፈው? በኦገስት 2018 ፌስቡክ ካገዳቸው መካከል የጦሩ ዋና አዛዥ ጄኔራል ሚን አውንግ ህላይንግ ይገኙበታል። ከጦሩ ጋር ግንኙነት ያላቸው፣ ግን የመዝናኛና የቁንጅና ገጽ መስለው የተከፈቱ ገጾችም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተዘጉ። የቁንጅና ምክር እየሰጡ መሐል ላይ መርዝ ጠብ ማድረግ። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጠዋት፣ እኚሁ ጄኔራል የተመረጠውን መንግሥት ገለበጡ። የዚያን ቀን ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በቀናት ውስጥ ፌስቡክም ታገደ። ምክንያታቸው ምን ነበር? መረጋጋትን ማስጠበቅ።

በጸሐፊው ሕግ ማጥፊያው የሚሰጠው ለማን እንደሆነ አሁን አስቡት።

«ሁሉንም መዝጋት ካልሆነ ውሸታሙን ብቻ የሚቀጣ ሕግ ይውጣ» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጸሐፊውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ነካ አድርገውታል። ህንድ ሞክራዋለች። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሕጓ አንቀጽ 66ኤ «አስከፊ» ወይም «የሚያናድድ» ነገር በኢንተርኔት የላከን ሰው እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል ይል ነበር። በ2012 አንድ የታወቁ የፖለቲካ መሪ ሲሞቱ ሙምባይ ጸጥ ረጭ አለች፤ ሱቅ ሁሉ ተዘጋ። በከተማዋ አቅራቢያ የምትኖር አንዲት ወጣት ይኼ ሁሉ መዘጋት ለምን አስፈለገ ብላ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። ታሰረች። ጓደኛዋም ታሰረች። የጓደኛዋ ወንጀል ላይክ ማድረጓ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2015 አንቀጹን ሻረው፤ ምክንያቱም «የሚያናድድ» የሚለው ቃል ማንንም ሊያስር ይችላል። የሚገርመው ከዚያ በኋላም ፖሊስ በዚሁ በሞተው አንቀጽ ክስ መክፈቱን አላቆመም። በ2021 ጉዳዩ ተመልሶ ሲቀርብላቸው ዳኞቹ ራሳቸው ማመን አቅቷቸው ነበር። አንዴ ፖሊስ ጣቢያ የገባ አንቀጽ በቀላሉ አይወጣም።

ከጸሐፊው ምሳሌዎች እኔንም የሚያስቸግረኝ ሩማንያ ነው። በኖቬምበር 2024 ብዙም የማይታወቁት ካሊን ጆርጄስኩ በአብዛኛው በቲክቶክ ታግዘው የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ የመጀመሪያ ዙር መሩ። ዲሴምበር 6 ቀን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘው። ሁለተኛው ዙር ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው! መራጭ የሰጠውን ድምፅ መሰረዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ቢሆንም ችግሩ የት እንደነበር እንይ። እጩው ለቅስቀሳ ያወጣሁት ገንዘብ ዜሮ ነው ብለው አስመዝግበዋል። ዜሮ። ያን ሁሉ ቪዲዮ ማን ከፈለበት? ይኼ የምርጫ ገንዘብ ሕግ ጥያቄ ነው። መፍትሔውም የከፋዩ ስም በማስታወቂያው ላይ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሩማንያ ስትደግመውም ኢንተርኔቷን አልዘጋችም። በሜይ 2025 ቲክቶኩም ክርክሩም እንደተከፈተ ድጋሚ ተመረጠ።

«ለጊዜው መዝጋት ሕይወት ያድናል።» ይኼኛው ነጥብ ነው ያበሳጨኝ፤ ስለዚህ ሁለት ምሳሌ።

ኢራን፣ ኖቬምበር 2019። የቤንዚን ዋጋ በአንድ ሌሊት ተጨመረ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ኢንተርኔቱ ለአንድ ሳምንት ገደማ ተዘጋ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ ጨለማ ውስጥ የተገደሉ ከ300 በላይ ሰዎችን መዝግቧል። የዳነው ሕይወት የትኛው ነው?

ሱዳን፣ ጁን 3 ቀን 2019። ካርቱም ውስጥ በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው የነበሩ ሰልፈኞች ላይ ተኩስ ተከፈተ። የሐኪሞች ኮሚቴ ከ100 በላይ ሰው መሞቱን አስታወቀ። ኢንተርኔቱ ለአንድ ወር ከምናምን ጠፋ። መሐል ላይ አንድ ጠበቃ የስልክ ኩባንያውን ፍርድ ቤት ገተረው። አሸነፈ። ኩባንያውም ትእዛዙን አከበረ፤ የእሱን ሲም ካርድ ብቻ ከፈተለት! ክሱን ያቀረበው በግሉ ነውና ፍርዱም የሚጠቅመው እሱን ብቻ ነው ተባለ። ሰውየው ተመልሶ ሄዶ ለሌላውም ተከራከረ። ጁላይ 9 አገልግሎቱ በሰፊው ተመለሰ። ያኔ ነው በየስልኩ ታፍነው የቆዩት ቪዲዮዎች የወጡት። ሰዉ ማን እንደተኮሰ፣ ማን ወድቆ እንደቀረ ያየው ከወር በኋላ ነው። መዘጋቱ ያዳነው ተኳሹን ነው፣ ያውም ለአንድ ወር ብቻ።

ለነገሩ ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ ዝም አላሉም። በጃንዋሪ 2019 የዚምባብዌ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝጊያውን ያዘዙት ሚኒስትር ያን የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም ብሏል። በጁን 2020 ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ የሆነው ኤኮዋስ ፍርድ ቤት፣ ቶጎ በ2017 ሰልፍ ሲበረታባት ኢንተርኔት መዝጋቷ ሐሳብን የመግለጽ መብት ጥሰት ነው ብሎ ፈርዷል። ጸሐፊው «በሕግ ይፈቀድ» ያሉት ነገር ሕግ ፊት ሲቀርብ እንዲህ ነው የሚሆነው።

አራተኛው ነጥብ ስለ ስም ነው። «ስሙን የደበቀ ፈሪ ነው፤ ሁሉም በመታወቂያው ይመዝገብ።» ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል። ደቡብ ኮሪያ በ2007 ተግባራዊ አድርጋው ነበር። ብዙ ጎብኚ ያላቸው ድረ ገጾች አስተያየት የሚጽፈውን ሰው ማንነት በመንግሥት መለያ ቁጥሩ እንዲያረጋግጡ ተገደዱ። ስድቡ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ሰው በስሙም ይሳደባላ! የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። የሰዉ ሁሉ መረጃ በየድረ ገጹ ተከማቸ። በ2011 ሰርጎ ገቦች ከሁለት ታዋቂ ድረ ገጾች የ35 ሚሊዮን ሰው መረጃ ይዘው ሄዱ። በአገሪቱ ካለው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በኦገስት 2012 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ አፈረሰው።

ደግሞ «ፈሪ» ያሏቸውን ሰዎች እንይ። ያ የግብፁ ገጽ፣ ኻሊድ ሰዒድ በተባለ ፖሊሶች በገደሉት ወጣት ስም የተከፈተው፣ አስተዳዳሪው ዋኤል ጎኒም ነበር። በራሱ ስም አልከፈተውም። በኖቬምበር 2010 የፓርላማ ምርጫ ሊደረግ ሲል ፌስቡክ ገጹን አወረደው፤ ምክንያቱም አስተዳዳሪው የሚጠቀመው እውነተኛ ስሙን አይደለም። ገጹ የተመለሰው ከአገር ውጭ የሚኖር ሌላ ሰው በእውነተኛ ስሙ አስተዳዳሪ ሲሆን ነው። ጎኒም በኋላ ማንነቱ ሲታወቅ ምን ሆነ? በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ ከመንገድ ላይ አፍነው ወሰዱትና ዓይኑን ሸፍነው 11 ቀን አቆዩት። ፈሪ ቢባል ምክንያት ነበረው።

ስለ ዳቦው አጭር ልበል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ግምት በ2024 ከዓለም ሕዝብ 2.6 ቢሊዮን ያህሉ፣ ሲሶው ማለት ነው፣ ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሀብታም ጨዋታ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ድሃውን ግን ከበሩ ውጭ ያቆመው ዋጋው ነው፤ ዋጋውን ደግሞ የሚቆልሉት ብዙ ጊዜ እነማን እንደሆኑ ኡጋንዳን መጠየቅ ነው። በጁላይ 2018 ፌስቡክ ወይም ዋትስአፕ የሚከፍት ሰው በቀን 200 የኡጋንዳ ሽልንግ ግብር እንዲከፍል ታዘዘ፤ «አሉባልታ» በዛ ተብሎ። ተጠቃሚው ቀነሰ። ሀብታሙ ከፍሎ ቀጠለ። በ2021 ግብሩ ቀርቶ በዳታ ላይ 12 በመቶ ተጣለ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የምርጫው ዋዜማ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ተዘጋ። ለድሃ አስበው ነው እንዳይባል፣ በሞባይል ገንዘብ ውሎ የሚያድረው ትንሹ ነጋዴ ነው አብሮ የተዘጋው።

አሁን ወደ 72ቱ ሰዓታት።

ጋምቢያ ይህን የመሰለ ነገር አድርጋ ታውቃለች። ዲሴምበር 1 ቀን 2016 ምርጫ ነበር። ለ22 ዓመት የገዙት ያህያ ጃሜህ ኢንተርኔቱንም ዓለም አቀፉን የስልክ ጥሪም ዘጉ። አገሩ የሚመርጠው በወረቀት አይደለም፤ መራጩ የእጩው ቀለም በተቀባ በርሜል ውስጥ ብይ ይጥላል፣ ውስጥ ያለች ደወል ቂል ትላለች። ብይዎቹ የተቆጠሩት እዚያው በየምርጫ ጣቢያው፣ የእጩዎቹ ወኪሎች እያዩ ነበር። ስለዚህ ጨለማው ቁጥሩን ሊለውጠው አልቻለም። አዳማ ባሮ አሸነፉ። ጃሜህ መጀመሪያ ተቀበሉ፣ ከሳምንት በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ በጃንዋሪ 2017 የጎረቤት አገሮች ጦር ሲመጣ አገር ለቀው ሄዱ። ቆጠራው በየጣቢያው ባይሆን፣ ብይዎቹ በጨለማ ተጭነው ወደ አንድ ቦታ ቢሄዱ ምን ይሆን ነበር?

ኬንያ ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደች። በሴፕቴምበር 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ሰረዘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ውጤቱ የተላለፈበት መንገድ ነው። ፍርድ ቤቱ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሮች እንዲታዩ አዝዞ ነበር፤ ኮሚሽኑ እንደታዘዘው አልከፈታቸውም። በ2022 ነገሩ ተለወጠ። ከ46,000 በላይ ከሆኑት የምርጫ ጣቢያዎች እያንዳንዱ ውጤት የሚሞላበት ወረቀት፣ ቅጽ 34ኤ፣ ፎቶ ተነስቶ ለሁሉም ክፍት የሆነ ድረ ገጽ ላይ ተሰቀለ። የጣቢያው ኃላፊ የእጅ ጽሕፈት፣ የወኪሎቹ ፊርማ፣ ሥርዝ ድልዙ ሁሉ ይታያል። ጋዜጠኛውም፣ ፓርቲውም፣ ቤቱ የተቀመጠ ሰውም እያወረደ ደመረው።

ውሸቱ ያኔም አልቀረም። ሐሰተኛ የውጤት ሠንጠረዥ በየዋትስአፑ ይዞር ነበር። ዊሊያም ሩቶ በ50.49 በመቶ አሸንፈዋል ሲባል፣ ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ብለው ወጡ። ለእሳት የተመቸ ሰዓት ነበር። ቅጾቹ ተቀይረዋል የሚል ክስ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ የተሰቀሉትን ከዋናዎቹ ጋር አስመሳከሩ፤ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ሴፕቴምበር 5 ውጤቱ ጸና። ያን ሁሉ ሐሰተኛ ሠንጠረዥ ያፈረሰው በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ ሊከፈት የሚችለው ትክክለኛው ወረቀት ነው።

ድምፅ የተሰጠው ኦገስት 9 ነበር። አብዛኞቹ ቅጾች በሁለት ቀን ውስጥ ተሰቅለው አልቀዋል። ጸሐፊው ይዘጋ ያሉት እነዚህን ሰዓታት ነው።